የእሳት አደጋ ልብስ ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ማን ወደ ውስጥ እንደሚገባ እንወቅ

ጅማ ውስጥ እሳት ሲነሳ ወደ ጭሱ የሚሮጠው የእሳት አደጋ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። መኪናው እስኪደርስ የመጋዘኑ ዘበኛ አለ፣ የቡና መቀሸሪያው ሠራተኛ አለ፣ ባልዲ ያነሳ የሰፈር ልጅ አለ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለባለሙያው ብቻ አይደለም። መጋዘን ላለው፣ የእንጨት ሥራ ቤት ለከፈተ፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ የእሳት ቡድን ላቋቁም ለሚል፣ "ለልጆቹ ምን ልግዛላቸው?" ብሎ ለሚደውል ሁሉ ነው።

ለዚህ ጥያቄ መልሴ ሌላ ጥያቄ ነው። ልጆቹ እየነደደ ያለ ቤት ውስጥ ይገባሉ ወይስ ከውጭ ሆነው ነው የሚያጠፉት? የሁለቱ ዕቃ አንድ አይደለም፤ ዋጋውም አይገናኝም። አብዛኛው ሰው ግን ከዚህ አይጀምርም፤ ከጃኬቱ ነው የሚጀምረው። የሚያብለጨልጭ ጃኬትና ሄልሜት ይገዛል፣ ፎቶ ይነሳል፣ የአየር መተንፈሻ መሣሪያው ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ወፍራም ጃኬት የለበሰ ሰው ሙቀቱ ቶሎ ስለማይሰማው፣ በሸሚዝ ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ የሚመለስበትን ቤት አልፎ ይገባል፤ እዚያ ደግሞ የሚጠብቀው ጭስ ነው። ጃኬት ጭስ አያቆምም።

ከልብሱ እንጀምር፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ ብዙ ውዥንብር ያለው እሱ ላይ ነው።

ተራ ቱታ፣ እሳት የሚቋቋም ቱታ፣ ሙሉ ልብስ

ተራውን የሥራ ቱታ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጹሕ ጥጥ ከሆነ ይቃጠላል፣ ግን አይቀልጥም። ፖሊስተር ካለበት ጣጣው ሌላ ነው፤ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ሐኪም ቤት ሲላቀቅ ቆዳውን ይዞ ነው የሚነሳው። ሻጩ "መቶ በመቶ ጥጥ ነው" ካላችሁ አትከራከሩት። ከስፌቱ ጠርዝ ሳይሆን ከጨርቁ ከራሱ አንድ ክር ምዘዙና በክብሪት ለኩሱት። ጥጥ ከሆነ የተቃጠለ ወረቀት ይሸታል፣ ስትነኩት የሚበተን አመድ ይሆናል። ፖሊስተር ከሆነ ወደ ኋላ ይኮማተራል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይቀራል። ከሁለቱ ከተደባለቀ ደግሞ አመዱ ውስጥ ያ ጠጣር ነገር በጣት ሲታሽ ይሰማችኋል።

እግረ መንገዴን፣ ከወፍራሙ ጃኬት ሥር የኳስ ማሊያ የሚለብሱ ልጆች አሉ። የማሊያ ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ፖሊስተር ነው። አባ ጅፋርን የምትደግፉ ከሆነ ማሊያውን ስታዲየም ልበሱት፤ እሳት ላይ ከሥር የጥጥ ካናቴራ ይሁን።

ሁለተኛው አማራጭ እሳት የሚቋቋም ባለ አንድ ንጣፍ ቱታ ነው። በኬሚካል የታከመ ጥጥ ወይም እንደ ኖሜክስ ያለ ጨርቅ ሊሆን ይችላል። ኖሜክስ አይቀልጥም፤ ሙቀቱ ሲበዛበት ይከስላል እንጂ ነበልባል ይዞ አይቀጥልም። ይህ ቱታ ቀላል ነው፣ ይተነፍሳል፣ ቀኑን ሙሉ ይለበሳል። ለሣርና ለደን እሳት የሚሆነው ይህ ነው። በበጋ በለጤ ገራ አካባቢ ደን ውስጥ እሳት ቢነሳና ሰው ሙሉ የቤት እሳት ልብስ ለብሶ ዳገት ቢወጣ፣ ከእሳቱ በፊት የሚጥለው የራሱ ሙቀት ነው። ሙሉ ልብሱ ሙቀት እንዳይገባ እንደሚከለክል ሁሉ የሰውነትንም ሙቀት አፍኖ ይይዛል። ለደን ወፍራም መልበስ ጥንቃቄ አይደለም፣ ስህተት ነው።

ሦስተኛው ሙሉው ልብስ ነው፤ ባለሙያው ቤት ውስጥ የሚገባበት። ሦስት ንጣፍ አለው። የውጩ ነበልባልንና መቀደድን ይቋቋማል። የመሐሉ ውኃ ከውጭ እንዳይገባ ይከለክላል። የውስጡ ሙቀት ያዘገያል። "ያዘገያል" ያልኩት አስቤ ነው። የአሜሪካው ኤንኤፍፒኤ 1971 የተባለው ስታንዳርድ (አሁን ኤንኤፍፒኤ 1970 ውስጥ ተጠቃሏል) የሚጠይቀው ዝቅተኛ የሙቀት መከላከያ መጠን 35 ነው። ይህን ለሁለት ስታካፍሉት 17.5 ሰከንድ ይመጣል፤ ክፍሉ በሙሉ በአንዴ በሚቀጣጠልበት ዓይነት ሙቀት ፊት ሁለተኛ ደረጃ ቃጠሎ እስኪደርስ ያለው ጊዜ ነው። የቻይናው ጂኤ 10 ስታንዳርድ (በኋላ ኤክስኤፍ 10 የተባለው) ደግሞ 28 ይጠይቃል፤ 14 ሰከንድ መሆኑ ነው። ሁለቱም የላብራቶሪ ቁጥር ናቸው። ሁለቱም ከቤቱ መውጫ ጊዜ እንጂ ነበልባል ውስጥ ቆሞ መሥሪያ ጊዜ አይደሉም። ሻጭ "ወንድሜ፣ እሳት ውስጥ ብትተኛበት አይነካህም" ካለ የሚሸጠውን አያውቀውም ማለት ነው።

የአውሮፓው ኢኤን 469 ለመምረጥ ይቀላል፣ ደረጃው ልብሱ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ። አንገቱ ወይም የውስጥ ኪሱ አጠገብ ያለውን ምልክት እዩት፤ ኤክስ (ሙቀት መከላከያ)፣ ዋይ (ውኃ መከላከያ)፣ ዜድ (የላብ እንፋሎት ማስወጫ) ከሚሉት ፊደላት አጠገብ 1 ወይም 2 አለ። ቤት ውስጥ ለሚገባ ሰው 2 ያለበትን ብቻ ውሰዱ። ከውጭ ሆኖ ለሚረጭ 1 ይበቃል፤ ቀለል ይላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። ምልክቱ ከነጭራሹ ከሌለና "ፋየር ፕሩፍ" የሚል ብቻ ከተጻፈበት፣ አንጸባራቂ የተሰፋበት ቱታ ነው በሉትና እለፉት።

ብርማው የሚያብለጨልጭ ልብስስ? እሱ ጨረር የሚመልስ ነው። ነዳጅ ሲነድ ጠጋ ብሎ ቫልቭ ለመዝጋት ወይም አረፋ ለመርጨት ይጠቅማል። ነዳጅ ማደያና ዴፖ ላለው ሰው ትርጉም ይሰጣል። ለቡና መጋዘንና ለመኖሪያ ቤት ግን አይሆንም፤ ሽፋኑ ሚስማርና ቆርቆሮ ሲነካው ይላጣል፣ ርካሹ ደግሞ ከሥሩ ምንም ንጣፍ የለውም።

አዲስ ወይስ ያገለገለ?

ከውጭ በዕርዳታ የመጣ ወይም ያገለገለ ሙሉ ልብስ አንዳንዴ ይገኛል። አልቃወምም። ደህና ያገለገለ ልብስ ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ይሻላል። ግን ሳይፈተሽ አይለበስም። መጀመሪያ የተሠራበትን ዓመት ፈልጉ። በኤንኤፍፒኤ አሠራር ልብሱ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው፣ አንድ ቀን ባይለበስም ይወገዳል። ቀጥሎ የውስጡን ንጣፍ አውጥታችሁ ገልብጡት። ስፌቱ ላይ የተለጠፈው ቴፕ ተላጥቶ ከሆነ ውኃው በዚያ ይገባል፤ የገባ ውኃ ደግሞ ሲሞቅ እንፋሎት ሆኖ ገላ ይቀቅላል። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ በንጣፎቹ መሐል አስገብታችሁ አብሩ። ብርሃኑ እኩል መታየት አለበት። አንድ ቦታ ላይ ቦግ ካለ እዚያ ንጣፉ ሳስቷል ወይም ተቀዷል። ትከሻና ጉልበት ላይ በደንብ እዩ፣ ቶሎ የሚያልቀው እዚያ ነው።

ልኩ ላይም አትደራደሩ። ለሦስት ዘበኞች አንድ ትልቅ ልብስ ገዝቶ "ተፈራርቃችሁ ልበሱት" ማለት የተለመደ ነው፣ ግን አይሠራም። ሱቁ ውስጥ አልብሳችሁ ሁለት እጅ አስነሱት፣ አጎንብሱት፣ በእጅና በጉልበቱ አስዳኹት። የእጁ አንጓ ወይም ወገቡ ብቅ ካለ አይሆንም።

ዋናው ነገር፣ አየር

እሳት ቦታ ላይ ብዙ ሰው የሚሞተው ተቃጥሎ ሳይሆን ታፍኖ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በረታ ብሎ ደም ውስጥ ይጣበቃል። የስፖንጅ ፍራሽ ሲነድ ደግሞ ሳያናይድ ይወጣል። የስፖንጅ ፍራሽ የሌለበት የጅማ ቤት ወይም የተማሪ ዶርም ጥሩልኝ እስቲ።

እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ ማሰር ጥቀርሻ በትንሹ ይይዛል፣ ጋዝ አይይዝም። ከቤት ለማምለጥ ይሁን፣ ተመልሶ ለመግባት አይሁን።

የፊልተር ማስክ ላይ ግን ብዙ ሰው ይሸወዳል፣ ፊት ሙሉ የሚሸፍነውና ሁለት ጣሳ ያንጠለጠለው ዓይነት ከእውነተኛው ጋር ስለሚመሳሰል። ፊልተር አየር ያጣራል እንጂ አየር አይሠራም። መደበኛው አየር 21 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አለው፤ በሩ በተዘጋ መጋዘን ውስጥ እሳቱ ያንን ይበላዋል፣ የቀረውን ብታጣሩት የሚተነፈስ አይሆንም። ከዚያ በላይ ደግሞ ተራው ካርትሪጅ (ጣሳው) ካርቦን ሞኖክሳይድን አይይዝም። ስለዚህ ፊልተር ከቤት ውጭ ለአቧራና ለጥቀርሻ እሺ። ለውስጥ እሳት በፍጹም።

የሚቀረው ጀርባ ላይ የሚታዘለው ባለ ሲሊንደር መተንፈሻ ነው። ሻጩ "የአንድ ሰዓት ነው" ይላችኋል። ራሳችሁ አስሉት። የተለመደው ሲሊንደር 6.8 ሊትር ነው፣ በ300 ባር ግፊት ይሞላል። 6.8 በ300 ሲባዛ 2040 ሊትር አየር ይወጣዋል። ረጋ ብሎ የሚሠራ ሰው በደቂቃ 40 ሊትር ቢተነፍስ 51 ደቂቃ ነው። ግን ቱቦ የሚጎትት፣ ደረጃ የሚወጣ፣ የደነገጠ ሰው 60ም 80ም ይተነፍሳል። በ60 ቢሆን 34 ደቂቃ። የማስጠንቀቂያ ፉጨቱ በአውሮፓው ዓይነት 55 ባር አካባቢ ሲጮህ የቀረው 374 ሊትር ነው፣ ስድስት ደቂቃ ገደማ። ስድስት ደቂቃ ውስጥ የገቡበትን ያህል መንገድ መመለስ አለባቸው። ስለዚህ መውጫ ጊዜው ፉጨቱን በመጠበቅ አይወሰንም፤ አንድ ሰው በር ላይ ሰዓትና ወረቀት ይዞ ይቁም፣ የገቡበትን ደቂቃና የጌጁን ቁጥር ይጻፍ።

ብረት ወይስ ካርቦን? የብረቱ ሲሊንደር ይረክሳል፣ ረጅም ዕድሜ አለው፣ ክብደቱ ግን እጥፍ ገደማ ነው። የካርቦኑ ይቀላል፣ ብዙውን ጊዜ ግን 15 ዓመት ሲሞላው ይጣላል። ባለ አንድ ፎቅ መጋዘን ላለው ብረት ይበቃዋል። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወይም ፎቅ በበዛበት ግቢ ደረጃ ለሚወጣ ቡድን ግን ካርቦን ውሰዱ፣ ያ የተቀነሰ ኪሎ አራተኛ ፎቅ ላይ አየር ሆኖ ይመለሳል። የቱንም ብትመርጡ አንገቱ ላይ የታተመውን የግፊት ፍተሻ ቀን እዩ፤ በአምስት ዓመት አንዴ መፈተሽ የተለመደ ነው።

አሁን ማንም ሳይጠይቅ የሚገዛበትን ጉዳይ ላንሳ። የት ነው የምታስሞሉት? 300 ባር የሚሞላ፣ ለመተንፈሻ ተብሎ አየሩን የሚያጣራ ኮምፕሬሰር ያስፈልጋል። የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ወደዚያ ግፊት አይጠጋም፣ ዘይትም ይተፋል። ከብየዳ ቤት ኦክስጅን ማስሞላት ደግሞ ራስን ማጥፋት ነው፤ ንጹሕ ኦክስጅን እሳት አጠገብ ሲለቀቅ የማይነደውንም ያነደዋል። አዲስ አበባ ድረስ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ጭኖ ሄዶ ለማስሞላት ካሰባችሁ፣ ለልምምድ የምታወጡት አየር ምን ያህል እንደሚያስወጣችሁ አስቡት። ልምምድ የሌለው መተንፈሻ ደግሞ የግድግዳ ጌጥ ነው። የምታስሞሉበትን ቦታ በስልክ ሳታረጋግጡ ብር አትክፈሉ።

ጢም ሌላው ነው። ማስኩ ፊት ላይ የሚታተምበት መስመር ላይ ጢም ካለ አየር ያፈሳል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል። እኛ ከተማ ጢም በሃይማኖት የሚያሳድጉ ብዙ ወንድሞች አሉን። ጢምህን ላጭ ብሎ ማስጨነቅ አያስፈልግም፤ ፓምፑን፣ ቱቦውን፣ የበሩን መዝገብ የሚይዝ ሰው ሁልጊዜ ይፈለጋል።

እንግዲህ ቁጥሩን እንነጋገር። ማንም ብቻውን አይገባም። ሁለት ሲገቡ ሁለት ደግሞ ለብሰው ውጭ ይጠብቃሉ፣ የገቡት ቢቀሩ የሚያወጣቸው እንዲኖር። ስለዚህ ቢያንስ አራት መተንፈሻ፣ አራት ደረጃ 2 ልብስ፣ የሚያስሞላ ቦታ፣ ቋሚ ልምምድ ማለት ነው። ይህን የሚችል የግል መጋዘን ጅማ ውስጥ ብዙ አይመስለኝም። ካልቻላችሁ ቡድናችሁ የውጭ ቡድን ነው በሉ፣ በግልጽ ጻፉት፣ ለልጆቹም ንገሯቸው። ለአንድ መተንፈሻ የሚወጣውን ብር ቱቦና የውኃ ታንከር ላይ አውሉት። ከውጭ በደንብ የሚረጭ ቡድን፣ ግማሽ ለብሶ ከሚገባ ቡድን ብዙ እጥፍ ይሻለኛል።

ራስ፣ እጅ፣ እግር

የግንባታ ሄልሜት ፕላስቲክ ነው፣ ሙቀት ላይ ይለሰልሳል። የሞተር ሄልሜትም አይሆንም። የእሳቱ ሄልሜት መነጽር ወይም ቪዘር፣ የአገጭ ማሰሪያና የማጅራት መሸፈኛ አለው። ማጅራቱን አትናቁት። የድሮ ጭቃ ቤቶቻችን ኮርኒስ ብዙውን ጊዜ የተሰፋ ማዳበሪያ ጆንያ ነው፤ ሲነድ እየቀለጠ ይንጠባጠባል፣ የሚያርፈው ቀና ባለ ሰው አንገት ላይ ነው። ስለዚህ ከሄልሜቱ ሥር ራስና አንገት የሚሸፍነው ሁድ ይኑር። ከሁሉም ዕቃ ትንሹና ርካሹ እሱ ነው፣ በብዛት የሚረሳውም እሱ ነው። ለአንድ ሰው ሁለት ግዙ።

ጓንት፦ መዳፉ ላይ ጎማ የተቀባው የሥራ ጓንት ይቀልጣል። የብየዳ ቆዳ ጓንት ለውጭ ቡድን ይሠራል፣ ነገር ግን ሲረጥብ ሙቀት ያስተላልፋል፣ ሲደርቅ ይደነድናል። የእሳት ጓንት ይወደዳል፤ ውስጥ ለሚገባ ግን ምትክ የለውም።

ጫማ ላይ የጎማ ወገን ነኝ። የቆዳው እግር ላይ በደንብ ይቀመጣል፣ መሰላል ላይ ይመቻል፣ እውነት ነው። ግን የጅማ ጭቃና ዝናብ ለቆዳ አይመችም፣ ማጠብም ማድረቅም ያስቸግራል። የምላችሁ ግን ገበያ የሚሸጠውን የአትክልት ቦት አይደለም። የእሳት የጎማ ቦት ጣቱ ላይም ሶሉ ውስጥም ብረት አለው። የፈረሰ ቤት ላይ የቆርቆሮ ሚስማር ጫፉን ወደ ላይ አድርጎ ነው የሚጠብቃችሁ። የትኛውም ቦትና ጓንት ግን ከኤሌክትሪክ ያድነኛል ብላችሁ አትመኑ፤ መጀመሪያ ከቆጣሪው ይጥፋ።

እሳቱ "ጠፋ" ከተባለ በኋላ

ባለሙያውም አማተሩም ማስኩን የሚያወልቀው በዚህ ሰዓት ነው። ነበልባል የለም፣ ጭሱ ሳስቷል፣ ሄልሜቱ ከብዷል። ረመጥ እየቆፈረ ሲጋራ የሚለኩስም አይጠፋም። ግን የሚጨስ ረመጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አላቆመም። የቡና ገለፈት ክምርን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ላዩ አመድ መስሎ ውስጡ ለቀናት ይፋጃል፣ በአካፋ ሲገለጥ ሙቀቱ ፊት ላይ ነው የሚወጣው። ከተቻለ ክምሩን ወደ ሜዳ አውጥታችሁ ነፋሱን ከጀርባችሁ አድርጋችሁ በትኑት። ቤት ውስጥ ከሆነ ሲሊንደሩ አይወልቅም።

ጥቀርሻውም ቀላል አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2022 (እ.ኤ.አ.) የእሳት አደጋ ሠራተኝነትን ራሱን ካንሰር አምጪ ከሚባሉት የመጀመሪያ ምድብ ውስጥ አስገብቶታል። የጠቆረ ጃኬት የጀግንነት ምልክት አይደለም። እዚያው ቦታ በውኃ ይታጠብ፣ ለብሳችሁት ታክሲ ውስጥ አትግቡ፣ ቤት ወስዳችሁ ከልጆች ልብስ ጋር አትዘፍዝፉት። በረኪና ጨርቁን ይበላዋል፣ ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ፀሐይ ላይ አታስጡ፣ እንደ ኬቭላር ያሉ ክሮችን ፀሐይ ያደክማቸዋል። ክረምት ላይ ጥላ ውስጥ ለመድረቅ ቀናት ይወስዳል፣ ሁድና ጓንት ሁለት ሁለት ይሁን የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ግዢው በፕሮፎርማ ከሆነ አንድ ነገር ልጨምር። "የእሳት አደጋ ልብስ፣ ብዛት 4" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ፣ ዝቅተኛ ዋጋ የሚሰጠው ሰው አንጸባራቂ የተሰፋበት ቱታ ያመጣላችኋል፣ ሕግም ከሱ ጋር ነው። መግለጫው ላይ የስታንዳርዱን ቁጥርና ደረጃውን፣ የተመረተበት ዓመት ከሁለት ዓመት ያልበለጠ መሆኑን፣ የእያንዳንዱን ሰው ልክ፣ መተንፈሻ ካለበት የማስኩን መጠንና የመለዋወጫውን አቅርቦት ጻፉ። ርክክቡ ላይ ካርቶኑን ሳይሆን የልብሱን የውስጥ ምልክት እያነበባችሁ ተረከቡ።